የወደቁት በእኔ ስም

ለውድ እትዬ ሸዋዬ፣

የዲክሲስ ብርድ ጣቴን ቢያደነዝዘውም ናፍቆትሽን አላበረደውም። አንቺና ልጆቹ እንዴት ናችሁ? እኔ ደህና ነኝ።

የሰባተኛ ክፍል አማርኛን ከጋሽ ይበልጣል ጋር እንደምጋራ ጽፌልሽ ነበር። መጋራት ይሉታል እንጂ፣ ሰውየው መስከረምን አስተምሮ ገብሱን ሊያሳጭድ እንደሄደ ብቅ ያለው በሰኔ፣ የመምህራን ምዘና ሲደርስ ነው። ርዕሰ መምህራችንም ልጆቹን ለሁለት አካፈለን። ያለፉት አርባ አንዱ በጋሽ ይበልጣል ስም ተጻፉ፣ የወደቁት አሥራ ዘጠኙ በእኔ።

«መሠረቱን የጣለው እሱ ነዋ» አለኝ፣ እንድፈርም ወረቀቱን እየገፋልኝ።

ጋሽ ይበልጣል ደግሞ ያለ ኀፍረት «አይዞሽ ልጄ፣ አዲስ ሰው ከወደቁት ነው የሚማረው» ይለኛል። የአንዱን ተማሪ ስም ጥራ ብትዪው አያውቅም። መዛኝና ተመዛኝ ተብዬዎቹ እንግዲህ እነዚህ ናቸው፤ እኔስ ስቄባቸዋለሁ። ለከርሞ የግጥም ክበብ ላቋቁም አስቤያለሁ፣ ልጆቹም ጓጉተዋል። የሙከራ ጊዜዬ ቅጽም ከምዘናው ጋር ወረዳ ሄዷል፤ መልሱ አርብ ይመጣል።

ሥራ ስይዝ ለሰው ስጪው ያልኩሽን ፍራሼን ሰጥተሽው ይሆን? ካልሰጠሽው ለጊዜው ይቀመጥ።

የልጆቹን ጉንጭ በየተራ ሳሚልኝ፤ ለእማማ ደህና ናት በያት።

እህትሽ ቢታንያ