ከመንገዱ መሐል እስከ እህታቸው ግድግዳ፦ የጋሽ ውኃልክ አጭር የሕይወት ታሪክ

በሥራ ባልደረቦቻቸው ዘንድ ጋሽ ውኃልክ በመባል የሚታወቁት አባታችን በ1946 ዓ.ም. ከድንጋይ ጠራቢ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው ከድልድዩ ማዶ ባለው ሰፈር ተወለዱ። እናታቸው ገና በልጅነታቸው ስላረፉ፣ እናትም እህትም ሆነው ያሳደጓቸው ታላቅ እህታቸው ናቸው። እትዬ የእናታቸውን የስፌት መኪና ወርሰው የሰው ልብስ እየሰፉ አስተማሯቸው፤ ወንድማቸውንም አንድ ቀን ከሰው በታች አላደረጓቸውም።

ጋሽ ውኃልክ ትምህርታቸውን ጨርሰውና በቅየሳ ሠልጥነው በ1967 ዓ.ም. በመንግሥት የመንገዶችና ድልድዮች መሥሪያ ቤት የመንገድ ወሰን ተቆጣጣሪ ሆነው ተቀጠሩ። በድልድዩ አፍ ላይ የጭነት ልክ የሚያሳየውን ምልክት የተከሉት፣ ከልክ በላይ የጫነውንም ሾፌር እየተሳደበ ያስመለሱት እሳቸው ናቸው። ቅጽል ስሙ የወጣላቸው ውኃልክ ከእጃቸው ስለማይለይ ብቻ አይደለም፤ ልመናም ቁጣም ስለማያዘነብላቸው ነው። በ1973 ዓ.ም. ያገቧቸው ነርስ ባለቤታቸው፣ ፎቶግራፍ እንኳ ያለ ውኃልክ የማይሰቅሉ ሰው መሆናቸውን አይተው፣ “ባል ያገባሁ መስሎኝ ነበር!” እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር። ሁለት ልጆችንም አፍርተዋል።

በ1986 ዓ.ም. ከድልድዩ በላይ ያለው መታጠፊያ ሊሰፋ ነው ተባለና ወሰን ውስጥ የገባ ቤት ሁሉ እንዲፈርስ ታዘዘ። ወሰን የሚለካው ከመንገዱ መሐል መስመር ነው። በዚያ መታጠፊያ ላይ ግን መሐል መስመሩ ሁለት ነበር፤ አንዱ የደበዘዘው ነባሩ፣ ሌላው ወደ ሱቆቹ ጠጋ ብሎ የተቀባው አዲሱ። ከየትኛው ይለካ የሚለውን ደንቡ ለለኪው ትቶታል። ጋሽ ውኃልክ የጎረቤቶቹን ሱቆች ከነባሩ መስመር ለኩ፤ ሁሉም ተረፉ። የእትዬ ልብስ ስፌት ቤት ተራ ሲደርስ ግን የተሰበሰበው ሰው፣ “አሁን እናያለን! ሥጋው አይደለች እንዴ?” ሲል ሰሙ። ረዳታቸው ቀይ ጨርቅ ይዞ መኪና እያስቆመ ስለነበር፣ “እትዬ፣ እስቲ የሜትሩን ጫፍ እዚህ ያዢልኝ” ብለው አዲሱን መስመር አሳዩ። እትዬ አስፋልቱ ላይ ጎንበስ ብለው ያዙላቸው። ቤቱ ወሰን ውስጥ ገባ፤ ቀዩንም ምልክት ግድግዳው ላይ በገዛ እጃቸው ቀቡበት።

ቤቱ ፈረሰ። እትዬ የስፌት መኪናቸውን ይዘው ፀሐይ ወደማይገባበት የጓሮ ክፍል ዞሩ፤ ደንበኛም እየራቀ ሄደ። መታጠፊያው ግን ዕቅዱ ተለወጠና ሳይሰፋ ቀረ። ዛሬ ባዶው ቦታ ላይ ሾፌሮች ጎማ ይቀይሩበታል። ጋሽ ውኃልክ ለእህቱ አደላ እንዳይባሉ ብለው እህታቸውን ከጎረቤት አሳነሱ። ነገሩን አንድ ቀንም አልረሱትም፤ ይቅርታ ለማለት ግን አፋቸው እምቢ አላቸው።

በ2006 ዓ.ም. ጡረታ ወጡ፤ ባለቤታቸውንም በሞት ተነጠቁ። የኩላሊት ሕመም አልጋ ላይ ሲጥላቸው ሾርባ ይዘው የሚመጡት እትዬ ነበሩ። “እትዬ…” ብለው ይጀምሩና “ውኃ አቀብይኝ” ብለው ይጨርሱታል። በመጨረሻም ሴት ልጃቸውን ጠርተው፣ “ታሪኬ ሲነበብ ይቺን ነገር እንዳትዘሏት። እትዬ ከፊት ተቀምጣ ትስማ” አሏት። ሰኔ 3 ቀን 2015 ዓ.ም. በተወለዱ በ69 ዓመታቸው አረፉ። ሁለት ልጆቻቸው፣ አራት የልጅ ልጆቻቸውና እህታቸው ከኋላቸው ቀርተዋል።

ሰው መሐል ድንገት ሰምተው እንዳይደነግጡ ብለን ይህን ጽሑፍ ትናንት ለእትዬ አነበብንላቸው። መነጽራቸውን አውልቀው፣ “እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ሜትር ከየት እንደሚጀምር ይጠፋኛል? ጫፉን የያዝኩት እኮ እኔ ነኝ። ቀና ብዬ ሳየው ፊቱን አዞረ። እኔም አልጠየቅኩት፣ እሱም አልነገረኝ፤ እንዲሁ እንደተጠባበቅን ዕድሜያችን አለቀ” አሉ።

ከጽሑፉ አንድም ቃል እንዳይቀነስ አዘዙ። የመዝጊያው ጸሎት ብቻ የእሳቸው እንዲሆን ስለጠየቁ፣ እነሆ እንዳሉት፦

“ፈጣሪ ወንድሜን ሲለካው፣ እንደ ጎረቤቶቼ ከነባሩ መስመር ይለካልኝ። አሜን።”