የሦስት ልጆች ኦሜጋ

ጥቅምት 12፣ ማክሰኞ ረፋድ
ከፀጉር ቤቴ

ለትልቋ ልጄ፣ ለዓይኔ ማረፊያ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? «እኛ ደህና ነን» ብዬ ብጀምር ደስ ባለኝ ነበር፤ ግን በውሸት የተጀመረ ደብዳቤ መጨረሻው አያምርም። እናትሽ በእግሯ ትሄዳለች፣ እኔንም እንደ ልማዷ ትቆጣኛለች። ይህን አስቀድሜ የምነግርሽ የሚቀጥለውን ስታነቢ እንዳትደነግጪ ነው። በስልክ ያልነገርኩሽ፣ ስደውልልሽ ጆሮዋን ከጆሮዬ ጋር ስለምታጣብቅ ነው። አሁን ደንበኛ የለም። በሩን ገርበብ አድርጌ፣ ማበጠሪያዎቹን ወደ ጥግ ገፍቼ፣ መስታወቱ ስር እጽፋለሁ። ስጨርስ ፎቶ አንስቼ እልክልሻለሁ።

ነገሩ የኦሜጋው ነው። ባለፈው «የዓሣ ዘይቱ ተስማማት ወይስ ሌላ ዓይነት ልምረጥላት?» ብለሽኝ ነበር። አንቺ ብቻ የምትልኪ መስሎሻል። ወንድምሽ ደግሞ ኦሜጋ ሦስት፣ ስድስት፣ ዘጠኝ የሚል የተጻፈበትን ትልቁን ጠርሙስ ይልካል። ትንሿም አልቀረችም። የእሷ የዓሣ ጉበት ዘይት ነው፤ በማንኪያ የሚጠጣ፣ ሽታው ጓዳችንን የዓሣ ገበያ ያደረገ። ሁላችሁም ለልቧ ብላችሁ ነው፣ አውቃለሁ። ግን በልብ ቀዶ ጥገናዋ ጊዜ ወንድምሽ «እናትሽን ጥለሽ ቀረሽ» ብሎ ያን ክፉ ቃል ከተናገረሽ፣ ትንሿም ከእሱ ጎን ከቆመች ወዲህ ሆድና ጀርባ ሆናችኋል። አንዳችሁ የምትልኩትን ሌላችሁ አታውቁም።

እናትሽን ታውቂያታለሽ። ብርቱካን ስታካፍላችሁ እንኳ የማንም ድርሻ እንዳይበልጥ በዓይኗ ስትመዝን ፍሬው ይደርቅ ነበር። ስለዚህ የሁላችሁንም ትወስዳለች፤ ጠዋት ያንቺን፣ ቀትር ላይ የወንድምሽን፣ ማታ የትንሿን። «የማንን ትቼ የማንን ልውሰድ?» ትለኛለች።

እኔም መጀመሪያ ደስ ብሎኝ ነበር። «ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» ይባል የለ? ሦስት ሲሆንማ! ደግሞ እኔ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሁሉ ሐኪም ነው። የአውቶቡስ ሾፌሩ «ባለ ዘጠኙ ነዋ! ዘጠኝ ከሦስት እንደሚበልጥ ሕፃን ያውቀዋል» ይላል። ጡረተኛው መምህር ደግሞ ከተልባ ዘይት ወዲያ ላሳር ባይ ነው። እኔ አገጫቸውን እየላጨሁ ለሁሉም «ልክ ነህ» እላለሁ።

ባለፈው ሳምንት መጋረጃ ልትሰቅል እጇን ስታነሳ እጅጌዋ ተንሸራተተና ክንዷን አየሁት። ከላይ እስከ ክርኗ በልዟል። «ማነው የመታሽ?» አልኳት። ልቀልድ ብዬ ነበር። «በር ገጭቶኝ ነው» አለች። ከዚያ ጥርሷን ስትቦርሽ የተፋችው ቀላ ብሎ አየሁ። እሱንም በብሩሹ አሳበበች።

ትናንት ፋርማሲስቱ ሊላጭ መጣ። ፊቱን አረፋ ቀብቼ ጠርሙሶቹን ከጓዳ አምጥቼ አሳየሁት። «ጋሼ፣ ቁጥሩ እኮ ማዕረግ አይደለም» አለኝ። «ኦሜጋ ስድስቱን ከምግብ ዘይት በቂውን እናገኛለን። ዘጠኙን ሰውነታችን ራሱ ይሠራዋል። ፊት ለፊት አንድ ሺህ ሚሊግራም የሚለው የዘይቱ ክብደት ነው፤ ኦሜጋ ሦስቱ ስንት እንደሆነ ከጀርባው በደቃቁ ተጽፏል፤ ሰው መምረጥ ያለበት ያን አንብቦ ነው። የጉበት ዘይቱ ደግሞ ቫይታሚን ኤ አለበት፣ ሲበዛ ይጎዳል።» ከዚያ ጠርሙሱን አስቀመጠና «እትዬ ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» አለኝ። ከቀዶ ጥገናው ወዲህ የምትወስደውን የደም ማቅጠኛ ስነግረው ከነአረፋው ብድግ አለ። «ይሄ ሁሉ ዘይት ሐኪም ሳይጠየቅ በደም ማቅጠኛ ላይ አይደረብም! አሁኑኑ ይደውሉ!»

ደወልኩ። ሐኪሟ ቀዶ ጥገና ላይ ነው፣ ጠዋት ደውሉ ተባልኩ። ቤት ገብቼ «የምትወስጂው በዝቷል፣ ደምሽን ሳያቀጥነው አልቀረም፣ መቀነስ አለብሽ» አልኳት።

«እሺ፣ እቀንሳለሁ» አለች።

እናትሽ ያለ ክርክር እሺ ስትል ሰምተሽ ታውቂያለሽ? እኔም ተሳካልኝ ብዬ ተኛሁ። ዛሬ ጠዋት ቁምሳጥኑን ስከፍት የእናንተ ጠርሙሶች ከፊት ተደርድረዋል። የደም ማቅጠኛው ከኋላ፣ ከስኳሩ ጣሳ ጀርባ ተወሽቋል። የትናንቱ እንክብል ከነማሸጊያው አለ።

«ምነው? ይሄን ለምን ተውሽው?» አልኳት።

«ቀንሺ አላልክም? ይሄን እኮ ማንም አልላከልኝም» አለችኝ።

ልጄ፣ ያ እንክብል ከሌለ የተገጠመላት ቫልቭ ላይ ደም ሊረጋ እንደሚችል ከሆስፒታል ስትወጣ ለሁለታችንም ተነግሮናል። ወዲያው ደወልኩ፣ ሐኪሙ ተገኘ። እንክብሉን እንዴት እንደምትቀጥል ነገረኝ፣ ዓይኔ እያየ ዋጠች። ዘይቱን በሙሉ እሱ እስኪያያት እንድታቆም፣ ነገ በጠዋት ከነጠርሙሶቹ እንዳመጣት፣ የማይቆም ደም ወይም ድንገተኛ ራስ ምታት ካየሁ ግን ነገን ሳልጠብቅ እንድሮጥ አዘዘኝ።

ዘይቱን አቁሚ ብላት ግን ወይ ፍንክች! «ሐኪሙ ልጆቼን አያውቃቸውም» አለች። ደበቅኳቸው፣ አገኘቻቸው። ተቆጣሁ፣ ለመንኩ። በመጨረሻ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና ጠርሙሶቹን ታቅፋ እንዲህ አለችኝ፦ «ላይተያዩ ተማምለዋል። በውጭ ካልተገናኙ በሆዴ ይገናኙ፤ ድሮም የተገናኙት እዚያው ነው።»

ወጥቼ ሱቄን ከፈትኩ። ቤቱ ከግድግዳው ጀርባ ስለሆነ ኮቴዋ ይሰማኛል፤ ዝም ባለች ቁጥር ምላጬን አስቀምጬ አዳምጣለሁ። ቅድም የሾፌሩን ጆሮ ልቆርጠው ለጥቂት ነው የተረፈው። «ምን ሆነሃል?» ቢለኝ «ምንም» አልኩት። ላንቺ ግን «ምንም» አልልሽም። ፈርቻለሁ። ይህችን ሴት ባጣ ጠዋት ተነስቼ ማንን እንደማናግር አላውቅም።

ስለዚህ እንዲህ አድርጊልኝ። ይህን እንዳነበብሽ ሦስታችሁም በአንድ የስልክ መስመር ግቡና በአንድ አፍ «እማዬ፣ ለጊዜው የሁላችንንም ተይው፣ አይከፋንም» በሏት። አንቺ ብቻ ብትነግሪያት «የሌሎቹስ?» ነው የምትለው። ነገ ሐኪሙ አንድ ኦሜጋ አይጎዳትም ካለ አንዱን በጋራ ትመርጣላችሁ፤ አይሆንም ካለም ይቅር፣ ሰው ያለሱም ይኖራል። ግን ቶሎ በይ። ጠዋት ያንቺን ወስዳለች፣ የወንድምሽ ሰዓት ቀትር ነው።

የበደለሽ እሱ ነው፣ ይቅርታ መጠየቅም ነበረበት። ያኔ በኦፕራሲዮን ክፍሉ በር ላይ ሆኖ እጁን ሲያፍተለትል አይቼዋለሁ፣ ፈርቶ ነበር፤ የፈራ ሰው ለአፉ ልጓም የለውም። እኔ ላስታርቃችሁ ብዬ ቀጠሮ ስሰጥ ስለውጥ ይኸው ዓመት አለፈ። አሁን ለሽምግልና ጊዜ የለኝም። ኩርፊያውን ከፈለጋችሁ ነገ ትቀጥሉታላችሁ።

ፈጣሪ ደጅሽን ሰላም ያድርገው፣ የያዝሽውን ይባርክልሽ፣ የእናትሽን ድምፅ ከጆሮሽ አያርቀው።

ሁሌም የሚወድሽ፣
አባትሽ

ወንድምሽ ስልክ ቁጥሩን አልለወጠም።