ጠረጴዛው ላይ የቀረው መጽሐፍ፦ የወንድም ቲልማን ብሩባከር የሕይወት ታሪክ

ወንድም ቲልማን ብሩባከር ከአባታቸው ከወንድም ኦዚያስ ብሩባከርና ከእናታቸው ከእህት ሳሎሜ ዌበር እ.ኤ.አ. መጋቢት 3 ቀን 1938 በኦንታሪዮ፣ ከኮነስቶጎ ወንዝ በስተሰሜን ባለው የአባታቸው እርሻ ተወለዱ። ለወላጆቻቸው ሦስተኛ ልጅ ነበሩ። ወቅቱ ሜፕል ከሚባለው ዛፍ የሚቀዳው ጣፋጭ ጭማቂ የሚፈላበት ስለነበር አባታቸው እሳቱን ትተው መምጣት አልቻሉም፤ ልጃቸውን መጀመሪያ ያቀፉት ልብሳቸው ጭስ ጭስ እየሸተተ ነው ይባላል።

በጥንቱ ሥርዓት በሚኖረው በእኛ ማኅበር ዘንድ በቀብር ላይ ሟችን ማሞገስ የተለመደ አይደለም። ወንድም ቲልማንም አይወዱትም ነበር። ይህ ጽሑፍ እንዲነበብ ያዘዙት ግን ራሳቸው ናቸው። ስለ ደግነታቸው እንዲወራ አልፈለጉም፤ ስለ አንድ መጽሐፍ በግልጽ እንዲነገር ብቻ አዘዙ። ቤተሰቡም ትእዛዙን ለመፈጸም ሞክሯል። በመሐል ደግነታቸው ቢታይ ይህን የጻፈችው የቤተሰቡ አባል ጥፋት ነውና ይቅርታ ይደረግላት።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በአቅራቢያው በነበረው ባለ አንድ ክፍል ትምህርት ቤት ገብተው እስከ ስምንተኛ ክፍል ተማሩ። በሒሳብ ከሁሉም ይበልጡ ነበር። ሆኖም ሰው ፊት ቆመው መናገር አይችሉም ነበር። ተነስተው ድምፃቸውን አሰምተው እንዲያነቡ ሲጠየቁ ጉሮሯቸው ይዘጋል፤ ጆሯቸው ይቀላል። መምህርቷ አዝነውላቸው መልሱን በጥቁር ሰሌዳ ላይ እንዲጽፉ ይፈቅዱላቸው ነበር። ይህ ፍርሃት ዕድሜ ልካቸውን አልለቀቃቸውም። የዛሬው ታሪክም ከዚያ ይጀምራል።

በ1956 በክሌር ክሪክ የጸሎት ቤት ተጠምቀው የማኅበሩ አባል ሆኑ። በ1960 ከእህት ሎቪና ፍሬይ ጋር ተጋብተው አራት ወንዶችና ሁለት ሴቶች ልጆች አፈሩ። ላም በማርባትና በቆሎ በማምረት ቤተሰባቸውን አስተዳደሩ። ፈረሶቻቸውን አይገርፉም ነበር። አንድ ጊዜ ሎቪና ለጎረቤት ሲናገሩ፣ ቲልማን ከፈረሶቹ ጋር በአንድ ቀን የሚያወራውን ያህል ከእኔ ጋር በወር አያወራም ብለዋል። ወንድም ቲልማንም ይህን ሰምተው አልካዱም።

በ1972 የፀደይ ወራት የክሌር ክሪክ ሰባኪ ስላረፉ ምትክ መምረጥ አስፈለገ። እንደምታውቁት ሰባኪ የሚሆን ሰው በእኛ ዘንድ ለዚያ ብሎ አይማርም፤ ደመወዝም አይከፈለውም። ምእመናኑ ስም ይጠቁማሉ፤ ከተጠቆሙት መካከል እግዚአብሔር በዕጣ ይለያል። ዕጣው የወጣለት እስከ ዕለተ ሞቱ፣ ያለ ማስታወሻ፣ በየሳምንቱ ቆሞ ይሰብካል። በዚያ ፀደይ አራት ሰዎች ተጠቆሙ፤ ወንድም ቲልማን፣ አሞን ባውማን፣ ኤድዊን ሳውደርና የሎቪና ታናሽ ወንድም ኢላም ፍሬይ። ኢላም ሃያ ስድስት ዓመታቸው ነበር፤ የመጀመሪያ ልጃቸው ገና አንገቱ አልጸናም ነበር።

አራት ተመሳሳይ የመዝሙር መጻሕፍት በክር ታስረው ጠረጴዛው ላይ ተደረደሩ። በአንደኛው ውስጥ ዕጣው የተጻፈበት ቁራጭ ወረቀት አለ። ወረቀቱን ያስገቡት መሪ ሽማግሌ ግን ዓይናቸው ደክሞ ነበር። ወንድም ቲልማን በዕድሜ ትልቁ ስለነበሩ መጀመሪያ ተነሱ። እጃቸውን ሁለተኛው መጽሐፍ ላይ አሳረፉ። በዚያው ቅጽበት ከገጾቹ መካከል ጥፍር የምታህል ነጭ ጫፍ ብቅ ብላ አዩ። እጃቸውን አነሱና አጠገቡ ያለውን መጽሐፍ ወሰዱ። ሕዝቡ እጃቸው የተንቀጠቀጠ መሰለው።

ቀጥሎ አሞን ወሰዱ፤ ከዚያም ኤድዊን። የመጨረሻው ለኢላም ቀረ። ክሩ ሲፈታ ዕጣው የኢላም ሆነ። የኢላም እናት በሴቶች ወገን ተቀምጠው ሲያለቅሱ ተሰማ፤ ይህ ሸክም እንጂ ሹመት እንዳልሆነ ሁሉም ያውቃልና። ወንድም ቲልማን በዚያ ቀን ወደ ቤት ሲመለሱ ጋሪውን ሎቪና እንዲነዱ ጠይቀዋል። እንዲህ ጠይቀው አያውቁም ነበር።

ኢላም በመጀመሪያው እሑድ ቆመው ብዙ ደቂቃ ዝም አሉ፤ ከዚያም አልቅሰው ተቀመጡ። በሁለተኛውም ብዙ አልተሻሉም። ከጊዜ በኋላ ግን አንደበታቸው ተፈታ፤ ከተፈታም በኋላ የሚያስቆመው ጠፋ። በስብከታቸው መሐል ሕፃናት ሁለት ጊዜ ይጠባሉ፤ ውጭ የታሰሩት ፈረሶች እግራቸውን ይቀያይራሉ። ይህን የምንለው ሰባኪ ኢላም እዚህ ተቀምጠው እየሰሙን ነው፤ ቢያስቀይማቸው ዛሬ መልስ የመስጠት ዕድል አላቸው።

ወንድም ቲልማን ከዚያ ጊዜ ጀምሮ የኢላምን ላሞች ማለብ ጀመሩ። ኢላም በሽተኛ ሲጠይቁ፣ የተጣሉ ሲያስታርቁ ወይም ሩቅ ማኅበር ሄደው ሲሰብኩ በረታቸው ውስጥ ወንድም ቲልማን አሉ። ሣራቸውን ያጭዳሉ፤ አጥራቸውን ይጠግናሉ። ሰው ሁሉ የዋህነታቸውን አደነቀ። እርሳቸው ግን አድናቆት በሰሙ ቁጥር ምግብ አይበሉም ነበር።

በ1981 መብረቅ ወርዶ የወንድም ቲልማን በረት ከነሣሩ ተቃጠለ። ላሞቹ መስክ ላይ ስለነበሩ ተረፉ። ወንድም ቲልማን አመዱ አጠገብ ቆመው፣ ፍርዱ መጣ ብለው ለራሳቸው እንደተናገሩ ኋላ ለልጆቻቸው ነግረዋቸዋል። መጽናናት ዓይነት ነገርም ተሰምቷቸው ነበር፤ ዕዳቸው የተከፈለ መሰላቸው። ሆኖም በሳምንቱ ከየአቅጣጫው ጋሪ ተሰለፈና ከድሮው የሚበልጥ በረት ተሠራ። መዶሻ ይዘው ቀድመው የደረሱት ኢላም ነበሩ። ጣሪያው ላይ ወጥተው ምስማር እየመቱ እንኳ ስለ ኖኅ ሲያወሩ ይሰማ ነበር። ወንድም ቲልማን ከተቃጠለው በረት ይልቅ የተሠራላቸው በረት ከበዳቸው።

ብዙ ጊዜ ለኢላም ሊነግሩ ሞክረዋል። አንድ ጊዜ ላም እያለቡ፣ ስለዚያ መጽሐፍ ብለው ጀመሩ። ኢላም የትኛው መጽሐፍ ብለው ሲጠይቁ ግን፣ ስለ ፈረስ በሽታ የሚያወሳውን ማለቴ ነው አሉ። ኢላም ደስ ብሏቸው አዋሷቸው። ወንድም ቲልማን በቤታቸው ሙሉውን አንብበው መለሱ። ስለ ፈረስ በሽታ የነበራቸው ሰፊ ዕውቀት ምንጭ ይህ ነው።

ከጌታ እራት በፊት፣ በፀደይና በመኸር፣ እያንዳንዱ አባል ከእግዚአብሔርና ከሰው ጋር ሰላም እንዳለው የሚጠየቅበት የምክር ስብሰባ አለ። ወንድም ቲልማን በየጊዜው ሰላም አለኝ እያሉ መልሰዋል። እየሸመገሉ ሲሄዱ ግን ይህች አጭር መልስ ከመጽሐፉ ይልቅ አስፈራቻቸው። ዕጣውን የሸሹት አንድ ቀን ነው፤ ይህን ግን በየዓመቱ እየደገሙ ዋሽተዋል። እንዲህ ሆነው ሞተው ፈራጁ ፊት መቆምን ፈሩ።

በ2009 መኸር በምክር ስብሰባው ላይ የጊዜው መሪ ሽማግሌ እንደተለመደው ጠየቋቸው። ወንድም ቲልማን ተነሱ። ጆሯቸው ቀላ። “ሰላም የለኝም” አሉ። ሕዝቡ ዞረ። “ዕጣ በወጣ ቀን ወረቀቷን አይቻታለሁ። እጄ ላይዋ ነበር። ፈርቼ ተውኳትና ለኢላም ደረሰች። የእኔን ሸክም እሱ ተሸከመ፤ እኔም በየዓመቱ እዚህ ቆሜ ዋሸኋችሁ። እግዚአብሔርንም እናንተንም ይቅርታ እለምናለሁ።”

ይህን ብለው ተንበረከኩ። ከዚያ አሞን ባውማን ከዘራቸውን ተደግፈው ከኋላ ተነሱ።

“እኔም አይቻታለሁ” አሉ። “ቲልማን እጁን ሲያነሳ አየሁት፤ ለምን እንዳነሳም ገባኝ። ሌላ ወሰድኩ። ብቻዬን የሸሸሁ እየመሰለኝ ይኸው አረጀሁ።” እርሳቸውም በጭንቅ ተንበረከኩ።

ኤድዊን ሳውደር ቀድመው አርፈው ነበር፤ ያዩትን የሚያውቀው እግዚአብሔር ነው። የሁሉም ዓይን ሰባኪ ኢላም ላይ ዐረፈ። እርሳቸው ለመናገር የተቸገሩት ከመጀመሪያዎቹ ሁለት እሑዶች ወዲህ በዚያን ቀን ብቻ ነው።

“ወንድሞቼ፣ እኔም እኮ አይቻታለሁ” አሉ በመጨረሻ። “ግን የቀረው እሱ ብቻ ነበር። ሌላ መጽሐፍ ቢኖር ኖሮ ሌላውን አነሳ ነበር። እናንተ ስትታዘዙ እኔ ብቻ በልቤ የሸሸሁ መስሎኝ ነው የኖርኩት።” ከሰባኪዎች ወንበር ወርደው በሁለቱ መሐል ተንበረከኩ። መሪ ሽማግሌው፣ እግዚአብሔር የሚታዘዝ ሰው ቢያጣ አንድ መጽሐፍ ማስቀረት አያቅተውም አሉና እያንዳንዳቸውን በእጃቸው አንስተው ሳሟቸው። ወንድም ቲልማን የተግሣጽ ሥርዓቱ እንዲፈጸምባቸው ስለለመኑ በዚያ መኸር ከጌታ እራት ተከለከሉ፤ በፀደይ ተመለሱ። ምእመናን ከእራቱ ጋር ጥንድ ጥንድ ሆነው እግር ሲተጣጠቡም ጥንዳቸው ኢላም ነበሩ።

ኃጢአታቸውን በተናዘዙበት ቀን ወደ ቤት ሲመለሱ ሎቪና፣ “ይህን ሁሉ ዓመት ላሞቹን ስታልብ ወንድሜን የምትወደው መስሎኝ” አሉ።

“መጀመሪያ ፈርቼ ነበር። ኋላ ግን ወደድኩት” አሏቸው።

“ስብከቱንስ?”

“እሱ ፍርዴ ነው” አሉ ወንድም ቲልማን። ሎቪና እስኪያለቅሱ ሳቁ።

በዚያን ቀን የተናገሩት በሕይወታቸው ሰው ፊት ቆመው ያደረጉት ብቸኛ ንግግር ነው። ሰባኪ ኢላም ግን በኋላ፣ ዕጣው ለቲልማን ወጥቶ ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ ዓመት ምሳችንን ትኩሱን እንበላ ነበር ብለዋል። የላሞቹ ነገር አልቆመም። ንስሐ ገብተው ካበቁም በኋላ ወንድም ቲልማን ማለባቸውን ቀጠሉ፤ ምግብ ግን ይበሉ ጀመር። የልጅ ልጆቻቸውንም አስከትለው ይወስዱ ነበር። ከእነርሱ አንዷ ሰው ፊት መናገር እንደምትፈራ ስትነግራቸው፣ መፍራቱ አይደለም ኃጢአቱ፣ እጅን ማንሳቱ ነው አሏት።

እህት ሎቪና በ2014 አረፉ። ወንድም ቲልማን ከዚያ በኋላ ከታናሽ ልጃቸው ቤት ጋር በተያያዘችው የአረጋውያን ወላጆች መኖሪያ ክፍል ኖሩ። ባለፈው መኸር ልባቸው ደከመ፤ ሐኪም ቢያያቸውም ብዙ የሚደረግ አልነበረም። ሰባኪ ኢላም በየቀኑ በጋሪ እየመጡ አጠገባቸው ይቀመጡ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት ወንድም ቲልማን ዓይናቸውን ገልጠው ከልጆቻቸው ደብቀውት የነበረውን ጠየቁ።

“ኢላም፣ እዚያ ስደርስ መጽሐፉን ለምን ተውከው ቢለኝስ?”

ሰባኪ ኢላም እጃቸውን ያዟቸው። እኛ ረጅም ስብከት ጠብቀን ነበር።

“ኢላም ይዞት እየመጣ ነው በለው” አሏቸው።

ወንድም ቲልማን ፈገግ አሉ። ከዚያ ወዲህ ስለ ፍርድ አልጠየቁም። ታኅሣሥ 9 ቀን 2023፣ ላሞች በሚታለቡበት የማለዳ ሰዓት፣ በሰማንያ አምስት ዓመታቸው በሰላም አረፉ። ሰላም ያልነው እርሳቸው ራሳቸው ሲጠየቁ ሰላም አለኝ ብለው ያለ ፍርሃት ስለመለሱ ነው።

ስድስት ልጆቻቸው ከነቤተሰቦቻቸው፣ ብዙ የልጅ ልጆች፣ ታናሽ እህታቸው አልሜዳ እና አማቻቸውና ወንድማቸው ሰባኪ ኢላም ፍሬይ በሕይወት አሉ። ከቀብሩ በፊት ያለውን ስብከት የሚሰጡት ሰባኪ ኢላም ናቸው። ወንድም ቲልማን እንዲያሳጥሩ አደራ ብለዋቸው ነበር፤ እርሳቸው ግን ቃል አልገቡም። ፈረሶቻችሁን ብርድ ልብስ አልብሷቸው።

የፈራውን ልጁን እስኪመለስ የጠበቀው ጌታ ቲልማንን በደጁ ይቀበለው። እኛንም በተራችን እጃችንን ከማንሳት ይጠብቀን። አሜን።