እኩል ይሆናል የሌላት ካልኩሌተር

መተማ
ኅዳር 18 ቀን 1976 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ እህቴ፣

እንዴት ነሽ እትዬ? ባለቤትሽስ? ልጆቹስ አደጉ? እናታችንስ ወገቧን ተሻላት? እኔ ከሙቀቱ በቀር ደህና ነኝ። ቢሮ የምንጽፈው ሁሉ በአብዮታዊ ሰላምታ ስለሚያልቅ፣ ላንቺ ስጽፍ እጄ እንኳ እፎይ ይላል።

ጎንደር የዝውውር ቦታ እንዳገኛችሁልኝ የጻፍሽው ደርሶኛል። ባለቤትሽ ስንት ደጅ ጠንቶ እንዳገኘው አውቃለሁ፤ በዚህ ወር ቁርጡን አሳውቂኝ ብለሻል። ከቁርጡ በፊት ግን አንድ ነገር ላጫውትሽ።

ስለ ሒሳብ ሠራተኛችን ስለ ዘሩ ባለፈው ጽፌልሻለሁ፤ አዎ፣ ያ ቀጭኑ። ዋናው መሥሪያ ቤት ለእርሻ ልማታችን ሁለት ዓይነት ካልኩሌተር ላከልን። አንደኛዋ ነጋዴዎቹ ከሱዳን የሚያመጧት ዓይነት ናት፤ ሦስት፣ ማባዛት፣ አራት፣ እኩል ይሆናል፣ አለቀ። ሁለተኛዋን የሚችላት ግን እሱ ብቻ ነው፤ አዲስ አበባ ሥልጠና ላይ ተምሮባታል። እኩል ይሆናል የሚባል ቁልፍ ጭራሽ የላትም! ሦስትን ይጽፍና አንዲት ረዘም ያለች ቁልፍ ይጫናል፤ አራትን ይጽፋል፤ ማባዣውን መጨረሻ ላይ ሲነካ መልሱ ቁጭ ይላል። ሒሳቡ ሲረዝም በመሀል የተገኘውን እሷው ይዛ ትቆይለታለች፤ ቅንፍ የለ፣ ወረቀት ላይ መጫር የለ። መጀመሪያ የተበላሸች መስሎኝ ስስቅበት ነበር። ጣቶቹን ሳይ ሳቄን ተውኩት፤ እትዬ፣ እንዲህ የሚያምር ሥራ አይቼ አላውቅም።

ከሁለቱ አንዷ ተመርጣ እዚህ ትቀራለች፣ ሌላዋ ከሚችላት ሰው ጋር ገለጉ ወደሚከፈተው ቅርንጫፍ ትሄዳለች ተባለ። እዚያ የሚሠራው የመጋዘን ሒሳብ እንጂ ደመወዝ አይደለም። ገለጉን ታውቂያለሽ፤ ክረምት ከገባ መኪና አይደርስበትም። መራጩ ዘሩ ስለሆነ የራሱን እንደሚመርጥ ማንም አልተጠራጠረም፤ እኔማ በልቤ ጨርሼው ነበር።

የሰሊጥ አጫጆች ደመወዝ ቀን ሁለቱም ተሞከሩ፤ የሱዳኗ ዓይነት በእኔ መስኮት፣ ያቺኛዋ በእሱ። ማተቤ የሚባል የጎጃም ሰው ዘሩ ፊት ቆሞ ቁልፎቹን ሲከታተል ቆየና፣ እኩል ይሆናልን ሳትነካት እንዴት ደረስክ ብሎ ገንዘቡን አልቀበልም አለ። ኮኪት ላይ አንድ ነጋዴ እንዲሁ ሲጫን ሲጫን ቆይቶ የወር ድካሙን በልቶበት ነበር አሉ። ኃላፊያችን ጓድ እንግዳው ሊቆጣው ሲነሳ ዘሩ አስቆመውና የእኔን ካልኩሌተር ተውሶ፣ ወደ ሰውዬው አዙሮ፣ ቀስ እያለ እንደገና ሠራው። መልሱ ያው ሆነ። ማተቤ ገንዘቡን ተቀብሎ መርቆት ሄደ።

በማግስቱ ስብሰባ ላይ ዘሩ ምረጥ ቢባል ባለ እኩል ይሆናሏን መረጠ። ያቺኛዋ ለእኔ ትፈጥናለች፣ ገንዘቡ ግን የእነሱ ነው፤ ሰው የላቡ ዋጋ ሲሰላ በዓይኑ መከተል አለበት አለ። ገለጉ የምትሄደው አንተ እንደሆንክ ገብቶሃል ወይ ቢሉት፣ ገብቶኛል ብሎ ተቀመጠ።

እኔ ግን ተናደድኩ። ደጅ ጠብቄ፣ ለራስህ አታስብም ወይ ብዬ ጮኽኩበት። ካልኩሌተር ምረጥ አሉኝ እንጂ አገር ምረጥ መቼ አሉኝ ብሎ ሳቀ። ነይም አላለኝ፣ ቅሪም አላለኝ። እየተናደድኩ ኮራሁበት።

ከዚያ ወዲህ ከሥራ ስንወጣ ያቺን ካልኩሌተር እንዲያስተምረኝ አደረግሁ። አሁን ጣቴ ለምዷታል፤ የድሮዋ እንዲያውም ዘገምተኛ ሆናብኛለች። ትናንት ለጓድ እንግዳው፣ ገለጉ ሌላም የሚችላት ሰው ያስፈልጋል ብዬ ማመልከቻ አስገባሁ። አንብቦ ቀና ብሎ አየኝና ፈረመበት።

እንግዲህ የጎንደሩ ቦታ ለሌላ ሰው ይሁን። ባለቤትሽን ይቅርታ ጠይቂልኝ፤ ውለታውን አልረሳም።

ፈጣሪ ቤትሽን በጤና ይሙላው፣ ልጆችሽን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልሽ፣ እናታችንንም ያቆይልን። ገለጉ ወባው ብርቱ ነው ስላሉኝ አንድ አጎበር በመኪና ላኪልኝ። ሰፊውን። ስትገዢው ግን እናታችን አብራሽ አትሁን።

የምትወድሽ
ታናሽ እህትሽ