ጭጋግን «ጥሩ ቀን» ብሎ ለሚመዘግብ መሥሪያ ቤት

ለአየር ጠባይ መሥሪያ ቤት የመንገደኞች ምክር ክፍል ኃላፊ፣

ሚስቴ ዓይኗ ሳይጠፋ ባሕር እንዳታይ አድርጋችኋል። ደብዳቤዬ ይኸው ነው። የሚከተለው ዝርዝር ስለሆነ ሥራ የሚበዛብዎ ከሆነ እዚህ ላይ ሊያቆሙ ይችላሉ።

ማንበቡን ከቀጠሉ ግን ወግ እንዳላጓድል አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ፣ ክቡር ሆይ። ጤናዎ መሥሪያ ቤትዎ እንደሚያወጣው ትንበያ ሁልጊዜ ጥሩ ይሁን። ቤተሰብዎ ለዕረፍት በሚሄዱበት ሁሉ ሰማዩ ይገለጥላቸው፤ የተቀመጡበትም ወንበር አይነቃነቅብዎ። ይህን ከልቤ ነው የምመኘው። የታመመ ሰው ረጅም ደብዳቤ አንብቦ አይጨርስም፤ እኔ ደግሞ እንዲጨርሱት እፈልጋለሁ።

ጡረታ የወጣሁ ጠራዥ ነኝ። በአንድ ማተሚያ ቤት የጥራዝ ክፍል ውስጥ አርባ አንድ ዓመት ወረቀት አጥፌያለሁ፣ ሰፍቻለሁ፣ በሙጫ አጣብቄያለሁ። ትምህርት ቤት አልገባሁም። ፊደል የለየሁት በሃያ ሦስት ዓመቴ፣ ቀለም ተዝረክርኮባቸው ከሚጣሉ ገጾች ላይ፣ በምሳ ሰዓት፣ ማንም ሳያስተምረኝ ነው። በዚህ ምክንያት የታተመ ነገር አከብራለሁ። ሰው በአፉ የተናገረውን ነገ ሊክደው ይችላል። የታተመውን ግን አንዱ አስቦበት፣ ሌላው አርሞት፣ ሦስተኛው ፊደል በፊደል ለቅሞት የወጣ ነው የሚል እምነት ነበረኝ። የእናንተን መሥሪያ ቤት ዓመታዊ መዝገብ አሥራ ዘጠኝ ዓመት በሰማያዊ ጨርቅ የጠረዝኩት እኔ ነኝ፤ የጀርባው ጽሑፍ የተጣመመበት አንድ እንኳ አያገኙም። ይህን የምጽፈው ለመመካት ሳይሆን ለምን እንዳመንኳችሁ እንዲገባዎት ነው።

ሚስቴ በሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል አንሶላ ስትተኩስ የኖረች ሴት ናት። ባለፈው ዓመት የዓይን ሐኪሟ እይታዋ ከዳር ወደ መሃል እየጠበበ መሆኑን፣ መድኃኒቱም ቢያዘገየው እንጂ እንደማያቆመው ነገራት። መሃል ላይ የቀረችላት ቀዳዳ ምናልባት እስከ በጋው መጨረሻ ትቆይላት ይሆናል አላት። ቤት ስንደርስ ቦርሳዋን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ፣ «ባሕር የሚሉትን ነገር አንዴ ልየው፤ ሌላው ይቅርብኝ» አለች። በአርባ ስድስት ዓመት ትዳር ውስጥ ይህን አድርግልኝ ብላ ስትጠይቀኝ ሁለተኛ ጊዜዋ ነበር። የመጀመሪያው የቤቱ በር ሲጮህ ዘይት እንድቀባው ነው።

አገራችን ባሕር ስለሌላት ድንበር መሻገር ነበረብን። ነርስ የሆነችው ልጃችን ፓስፖርት አስወጣችልን። በባሕሩ ጠርዝ አንዲት ሴትዮ የምታከራየው በረንዳ ያለው ክፍል አግኝታ ለበጋው የመጀመሪያ ሳምንት ያዘችልን። አከራይዋ ቋንቋችንን ከእንግዶቿ ለምዳ ኖሮ በስልክ ራሷ፣ «ቶሎ ይምጡ፤ ሦስተኛው ሳምንት ካለፈ ጭጋጉ ይተኛብናል፣ ከተኛ ደግሞ አይነሳም» ብላ ለልጄ ነገረቻት። ልጄ ይህን ስታመጣልኝ፣ ሴትዮዋ አልጋ ታከራያለች እንጂ ሰማይ አታከራይም አልኳት። «አባዬ፣ እዚያው ተወልዳ ያረጀች ሰው ናት እኮ» አለችኝ። እኔ ደግሞ በወረቀት ካላየሁ አልነቃነቅም ብዬ ወደ እናንተ መጣሁ።

ቅሬታዬን በቁጥር አቀርባለሁ፤ መዝገብ ቤት ስታስገቡት እንዲመቻችሁ ነው።

አንደኛ። ስለ መስተንግዶው አመሰግናለሁ። በአንዱ መስኮት ያለችው ሠራተኛ ወንበር አስመጣችልኝ፣ የምንሄድበትን ጠረፍ ጠየቀችኝ፣ «የመንገደኞች ምክር» የሚባለውን ወረቀት አትማ ማኅተም አድርጋ ሰጠችኝ። በመጀመሪያው ሳምንት ለሚጀምር የአሥር ቀን ቆይታ ጥሩ ቀናት ስድስት፣ በአራተኛው ሳምንት ለሚጀምር ጥሩ ቀናት አሥር ይላል። እርግጥ ነው ወይ ብዬ ጠየቅኋት። «አባባ፣ የሠላሳ ዓመት መዝገብ ነው፤ ከሰው አፍ የተለቀመ አይደለም» አለችኝ። እኔ ራሴ ብናገር ከዚህ የተሻለ አልናገርም ነበር። በዚያው ቀን ጉዞውን ወደ አራተኛው ሳምንት አዛወርኩት። ሚስቴ ሻንጣውን አዘጋጅታ ጨርሳ ነበር። «አንተ ካልክ» ብላ ልብሱን አንድ በአንድ እያወጣች መልሳ ሰቀለችው። በእነዚያ ሦስት ሳምንታት የመርፌ ቀዳዳ ማግኘት አቃታት። ያን ጊዜ ብዙም አላሰብኩበትም።

ሁለተኛ። አሥሩም ቀን ጭጋግ ነበር። በረንዳው ላይ ሁለት ወንበር አለ። የበረንዳው ብረት ይታያል፤ ከብረቱ ወዲያ ነጭ ነው። ከሥር ውሃው ሲመጣና ሲመለስ ይሰማል፣ አልፎ አልፎም የማይታይ መርከብ ጡሩምባ ይነፋል። ፎጣ ብናሰጣ አይደርቅም። ባሕሩ ከደጃፉ ሠላሳ እርምጃ ነው ስለተባልኩ ቆጥሬ ወረድኩ፤ ባሕር መሆኑን ያመንኩት ጫማዬ ሲርስ ነው። ልጃችን ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ባሉት አሥር ቀናት ምን እንደነበረ ለማወቅ አከራይዋን በስልክ ጠይቃ ነበር። ሁለት ቀን ዝናብ፣ ሁለት ቀን ነፋስ፣ ስድስት ቀን ደግሞ ውሃው እስከ ሰማዩ ድረስ ተገልጦ ነበር ብላታለች። ስለዚህ የመጀመሪያው ሳምንት ትንበያችሁ ልክ ነበር። እንኳን ደስ ያላችሁ።

ሦስተኛ ብዬ የማስገባው ነገር ነበር፤ ነገር ግን የእናንተ ስላልሆነ ቁጥር አልሰጠውም። ጽፌ ማለፍ ብቻ ነው የምፈልገው። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት «ጭጋግ» የሚለውን ቃል ከአፌ አላወጣሁም። ቃሉ የአከራይዋ ነበር፤ እሱን ማውጣት ሴትዮዋ ልክ ነበረች ማለት ነው። ጠዋት ጠዋት ወረቀታችሁን ገልጬ አያለሁ፣ አጥፌ ኪሴ እከተዋለሁ። ሚስቴ ከጎኔ፣ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ፊቷን ወደ ነጩ አዙራ ትቀመጣለች። ምን ይታይሻል ብዬ አልጠየቅኋትም። በአራተኛው ቀን ጠዋት አከራይዋ አንሶላ ልትቀይር ገብታ፣ «እማማ፣ ይሄ ጭጋግ ዘንድሮስ ብሶበታል፤ እኔም የራሴን አጥር ካየሁ ሰነበትኩ» አለቻት። ሚስቴ ወደ እኔ ዞረች።

«ጭጋግ ነው እንዴ?»

ታዲያ ምን መስሎሽ ነበር አልኳት።

«ዓይኔ ሩቁን ጥሎብኝ የሄደ መስሎኝ ነበር። አንተ ምንም ስላላልክ፣ ላንተ ይታይሃል ብዬ ነው። ደስ ብሎህ ከተቀመጥክበት ላላስነሳህ ብዬ ነው።»

ሦስት ቀን ሙሉ ታውሬያለሁ ብላ አጠገቤ ተቀምጣ ነበር። ከዚያ በኋላ ምሳ በላን።

አሁን ወደ እናንተው ልመለስ። ሦስተኛ። ከጉዞው በመጣን በሁለተኛው ቀን መሥሪያ ቤታችሁ መጥቼ፣ ያሳለፍናቸው አሥር ቀናት በመዝገባችሁ ምን ተብለው እንደተጻፉ ጠየቅኩ። ሠራተኛዋ ፈልጋ አገኘችው። ጥሩ፣ ጥሩ፣ ጥሩ፣ እያለ አሥር ጊዜ ይወርዳል። ስህተት ነው አልኳት። ስህተት አለመሆኑን በትሕትና አስረዳችኝ። የባሕር ጠረፉ ጣቢያ በየቀኑ «ጭጋግ» ብሎ ልኳል፤ እናንተ ግን የሚላክላችሁን ወደ ራሳችሁ ቅጽ ትገለብጣላችሁ። ቅጹ ደግሞ ሦስት ሣጥን ብቻ ነው ያለው፦ ዝናብ፣ ነፋስ፣ ጥሩ። «አባባ፣ ጭጋግ ሣጥን የለውም። አይዘንብም፣ አይነፍስም፤ ታዲያ የት ላስገባው?» አለችኝ። ይህን ያለችው ለማሾፍ ሳይሆን የምር ቸግሯት ነው። ከእሷ በፊት የነበረው ሠራተኛም እንዲሁ ሲያደርግ እንደነበር፣ ከእሱ በፊት የነበረውም እንዲሁ እንደሆነ ነገረችኝ።

ክቡር ሆይ፣ እኔ ያልተማርኩ ሰው ነኝ፤ ስለዚህ ቀስ ብዬ አሰብኩት። ጭጋግ የሚተኛው ነፋስም ዝናብም በሌለበት ጊዜ ነው። እንግዲያው በዚያ ጠረፍ ከሁሉ የታፈነው ሳምንት በእናንተ መዝገብ ከሁሉ የተሻለ ሆኖ ይወጣል፤ አንድ ዓመት ሳይሆን ሠላሳ ዓመት፤ በስንፍና ሳይሆን በጥንቃቄ። እኔም ያንን ሦስት ዓምድ አሥራ ዘጠኝ ጊዜ በእጄ ጠርዤዋለሁ። መስመሩ ቀጥ ማለቱን አይቻለሁ፣ ጠርዙን እኩል ቆርጫለሁ። ምን እንደሚል ግን አንድም ቀን አላነበብኩም።

አራተኛ። ባለፈው ሳምንት በፖስታ የላካችሁልኝ ደብዳቤ ደርሶኛል፤ እግዜር ይስጥልኝ። ምክራችሁን ተቀብዬ በመጓዜ ታመሰግኑኛላችሁ። ትንበያችሁ ከአሥር አሥር እንደሰመረ ታበሥሩኛላችሁ፤ ምስክርነቴንም ለመጪው በጋ መንገደኞች በምታሳትሙት መጽሔት ላይ ለማውጣት ፈቃዴን ትጠይቃላችሁ። ከሥሩ ምልክት የማደርግበት ሦስት ሣጥን አለ፦ ረክቻለሁ፣ በጣም ረክቻለሁ፣ እጅግ በጣም ረክቻለሁ። መሥሪያ ቤታችሁ በያዘው መንገድ የሚጸና መሆኑን ስላረጋገጣችሁልኝ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው። ይህን ደብዳቤ በግልጽ እንድጽፍ ያደረገኝም የእናንተው ጥያቄ ነው። ምስክርነት ጠይቃችኋል፤ ይኸው ሰጠኋችሁ።

ካሳ አልፈልግም። ይቅርታ እንድትጠይቁኝም አልፈልግም፤ ይቅርታ የሚለው ቃል ከቅጻችሁ የትኛው ሣጥን ውስጥ እንደሚገባ ስለማይታወቅ አላስቸግራችሁም። የምጠይቀው አራተኛ ዓምድ እንዲሰመር ነው። ማስመሪያና እርሳስ ይዞ አንድ ሰው በአንድ ከሰዓት በኋላ የሚጨርሰው ሥራ ነው። ይህንኑ በቃል ሳቀርብ ቅጽ የሚለወጠው በኮሚቴ እንደሆነ፣ ኮሚቴው ደግሞ ሰብሳቢው ጡረታ ከወጡ ወዲህ እንዳልተሰበሰበ ተነግሮኛል። በመጪው በጋም አንዱ ሽማግሌ ወረቀታችሁን ይዞ ሚስቱን ሻንጣ ያስፈታታል ማለት ነው። እሱ እንደኔ ግትር እንዳይሆን እመኝለታለሁ።

የሚስቴ ዓይን ከተመለስን በዘጠነኛው ሳምንት ተዘጋ። ሐኪሙ ከገመተው ብዙም አልራቀም፤ ትንበያ የሚችል ሰው አለ ማለት ነው። ቤት ውስጥ በእጇ እየዳሰሰች ሁሉን ትሠራለች። ጎረቤቶቻችን ሲመጡ፣ «እሺ፣ ባሕሩ እንዴት ነበር?» ይሏታል። «ነጭ ነው። ሲተነፍስ ይሰማል» ትላቸዋለች። የምትቀልድ መስሏቸው ይስቃሉ፤ እሷም አብራቸው ትስቃለች። እኔ አላርማትም። ያየችውን ነው የምትናገረው።

ለሠላሳ ዓመት ሳያወላውል ለቆየው አሠራራችሁ የሚገባውን ክብር ሁሉ እየሰጠሁ፣ ውድ ጊዜዎን ስለወሰድኩ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሳሁ፣

የቀድሞ ጠራዣችሁ

ማስታወሻ፦ መሥሪያ ቤትዎ ስድስት መስኮት አለው። እውነቱን የነገረችኝ ሠራተኛ በየትኛው እንደምትቀመጥ ሆን ብዬ አልጻፍኩም፤ ምክንያቱም ቅጹን ለማረም ኮሚቴ ለመሰብሰብ የሚቸግራችሁ ሰዎች እሷን ለመቅጣት በማግስቱ እንደምትሰበሰቡ አልጠራጠርም። መልስ አይጻፉልኝ፤ ቢመጣም ሳልከፍተው እመልሰዋለሁ። ልጄ ለሚቀጥለው ዓመት ሌላ ጉዞ ስታነሳ ከክፍሉ ወጥቻለሁ፤ ማንም ቢያነሳው እወጣለሁ። ይህን ነገር ከዛሬ በኋላ በአፌም በብዕሬም አላነሳውም።