ታች ካምፕ ይሆናል

ሰኞ፣ ጥቅምት 3፣ ከ/ሰዓት

ዛሬም የለም። ሁለት ካምፕ ዞርኩ። የጫማዬ ተረከዝ ተገንጥሏል፣ በሰሊጥ ማሰሪያ ገመድ አስሬዋለሁ። ባጃጅ የለመደ እግር፣ ምን ይደረግ።

እንጅባራ ሆኜ ጃዊ በረሃ ሲሉኝ አንድ ቦታ ይመስለኝ ነበር፤ ወርጄ ስሙን ብጠራው አቤት የሚል። ለካ ማሳው ማለቂያ የለውም። ከካምፕ ካምፕ የትራክተር ዱካ እንጂ መንገድ የለም። ሰውም በስሙ አይታወቅም። አስናቀ ስል የቱ አስናቀ ይሉኛል። ያ ረጅሙ፣ ግንባሩ ላይ ጠባሳ ያለው ስል ነው የሚያስቡት።

ወንድሜ አስናቀ ለአረም ብሎ ሐምሌ ላይ ወረደ። ለመስቀል እመጣለሁ ብሎ ነበር። መስቀል አለፈ፣ ስልኩ ዝግ። እማ መንገድ መንገዱን ስታይ አላስችል ቢለኝ ስፌት ቤቴን ዘግቼ መጣሁ። አንቺ ደብተር፣ የማማርረው ላንቺ ብቻ ነው።

ማክሰኞ 4

ሙቀት። ውሃው ጭቃ ጭቃ ይላል።

የላይኛው ካምፕ ካቦ፣ የሠራተኞቹ አለቃ፣ ፎቶውን አይቶ ቀና ሳይል ታች ካምፕ ይሆናል አለኝ። አጨዳው እንዲህ ተጣድፎ ሳለ ትራክተር አስነስቶ ራሱ ሊያደርሰኝ ነው። የበረሃ ሰው ክፉ ነው ያለኝ ማን ነበር? ብቻ ጥያቄ ያበዛል። አባቴ በሕይወት አለ ወይ፣ የቤተሰቡ ትልቅ ሰው ማነው። የአጎቴን የጋሼ ምንይችልን ስልክ ወሰደ፤ ልጁ ከተገኘ እንድንደውል ብሎ። እኔ አጠገቡ ቆሜ ለምን ለአጎቴ? ደክሞኝ አልጠየቅሁም።

ሐሙስ 6

ታች ካምፕ። እዚህም የለም።

የካምፑ ምግብ አብሳይ እትየ ዘሃራ ይባላሉ፣ ድሮ በሰፈራ ከወሎ የመጡ። ፎቶውን በቀሚሳቸው ጫፍ ጠርገው ብዙ ያዙት። አየሁትም አላየሁትም አላሉ። መጀመሪያ ብይ አሉኝ። ወባው ዘንድሮ ክፉ ነው አሉና ወጥ ጨመሩልኝ። ስበላ አጠገቤ ቁጭ ብለው "አብሽሪ ልጄ፣ አብሽሪ" ይላሉ። አልጋቸውንም ለቀቁልኝ።

ሠራተኞቹ የአዲስ ቅዳምና የዳንግላ ልጆች ናቸው። በአገውኛ እየተሳሳቁ ነበር፤ እኔ ስደርስ ዘፈን የከፈቱበትን ቴፕ ዘጉት። በአገውኛ ሰላም ብላቸው አንገታቸውን ደፉ። ተናደድኩ። አፍ የላችሁም ወይ አልኳቸው። አንዱ ተነስቶ ወደ ማሳው ሄደ።

ዓርብ 7

ምንም። እግሬ አብጧል።

ምናልባት ወደ መተማ ተሻግሮ ይሆናል። አዎ! ሳይነግረን፣ ይሄ ጅል። ሳገኘው መጀመሪያ በጥፊ ነው የምለው፣ ከዚያ ነው የማቅፈው።

ቅዳሜ 8፣ ጠዋት

ኔትወርክ ያለው ከካምፑ ጀርባ ኩይሳው ላይ ብቻ ነው። ወጥቼ እማን ደወልኩላት። ደህና ናት። ድንች እያስቆፈረች ነው፤ ቆፋሪዎቹ ሰነፉብኝ ብላ ትቆጣለች። ቁጣዋ ደስ አለኝ። አገኘሽው ወይ አለች። ታች ካምፕ ይሆናል አልኳት። ያለሁት እኮ ታች ካምፕ ነው። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ቀፈፈኝ።

ቅዳሜ፣ 9 ሰዓት

ጋሼ ምንይችል ሚኒባስ ኮንትራት ይዘው፣ ከሁለት የሰፈር ሽማግሌዎች ጋር መጡ። እናትሽን ትንሽ አሟታል፣ ተነሽ እንሂድ አሉኝ። ጠዋት እኮ አናግሬያታለሁ። ዳንግላ አድረን ማለዳ እንገባለን አሉ።

ማለዳ።

የማላውቅ መሰላቸው። መርዶ የሚነገረው ማለዳ ነው፣ በደጅ፣ ዘመድ ከቦ ይዞ። በረሃ ለብቻዋ ለምትዞር ሴት ማንም አይነግርም፤ ነውር ነው። የጎረቤታችንን ልጅ እናትሽን ትንሽ አሟታል ብዬ ከባሕር ዳር ያመጣኋት እኔው አይደለሁ? ካቦው የአጎቴን ስልክ የወሰደው ለዚህ ነው። ሁሉም ያበላኝ፣ ሁሉም ወደ ታች የላከኝ ለዚህ ነው።

አስናቀ ሞቷል። ጻፍኩት። ወንድሜዋ።

እማ ገና አታውቅም። ድንቿን እያስቆፈረች ነው።

ቅዳሜ፣ ትንሽ ቆይቶ

ሚኒባሱ ጥላ ሥር ሆነው ይጠብቁኛል። ልብሴን የምሸክፍ መስሏቸዋል። አልሳፈርም። እማ ነገ ደረቷን እየደቃች የት ቀበሩት ብላ የምትይዘው እኔን ነው። ታች ካምፕ ይሆናል ልበላት?

ጋሼ ይጣሩ። ወደ እትየ ዘሃራ እሄዳለሁ። ምግብ አልፈልግም እላቸዋለሁ። የተኛበትን አፈር ያሳዩኝ።