አሮጌ ያልኩት አሰላለፍህ

ውድ አባዬ፣

ከተለየኸን ነገ ዓመት ይሞላል። እማዬ ለሙት ዓመትህ ሽር ጉድ ትላለች። እኔም የምልህን ሳልልህ ዓመቱ እንዳይዘጋ ብዬ ነው የተቀመጥኩት።

ቤታችን ያው ፌርፋክስ ነው። ቴሌቪዥኑን ግን ጓዳ አስገባነው፤ እማዬ የአሜሪካ ፉትቦል ድምፅ መስማት አልቻለችም። እህቴ ሂሩት ግሌንዴል ሥራ ይዛለች፣ መኪናም ትነዳለች። ፓርክ ማድረግ ላይ ገና ናት፤ የጎረቤቱን የቆሻሻ በርሜል ሁለት ጊዜ ገጭታዋለች። ብታያት ትስቅ ነበር።

ጋርዴና ያለውን የትምህርት ቤት ሜዳ ስትንከባከብ፣ ጡረታ የወጣው ሽማግሌ አሠልጣኝ፣ ኮቹ፣ በምሳ ሰዓት ስለ ጨዋታው ያስተማረህን ሁሉ ደብተር ላይ ትሥል ነበር። ተጫዋቹን በክብ፣ መንገዱን በቀስት፣ ከጎኑ በአማርኛ «አታላይ»፣ «መንገድ ጠራጊ» እያልክ። በሽማግሌው ዘመን ኳሷ ከፊት ካለው ሰው እጅ በእጅ አትሰጥም፤ አምስት እርምጃ ወደ ኋላ ለቆመ ሯጭ ትወረወራለች። ቡድኑ ሁሉ ወደ ቀኝ ይጎርፋል፣ ሯጩ ኳሷን የሰጠ መስሎ በግራ ይሾልካል።

እኔ ደግሞ ረዳት ኮች ሆኛለሁ ብዬ ልቤ አብጦ ነበር። የኛ ቡድን የሚያጠቃው በፓስ፣ ኳሷን በአየር በመወርወር ነው፣ ሩጫ የድሮ ሰው ነገር ነው። ያን እሑድ ደብተርህን ስታሳየኝ፣ እንግዳ በተሞላ ቤት፣ «አባዬ፣ ይሄ የሙታን ጨዋታ ነው» አልኩህ። አንተ ደብተርህን ዘጋህ። ከዚያ ሦስት ሳምንት ቤት አልመጣሁም፤ ሥራ በዛብኝ ብልም፣ እውነቱ አፍሬ ነው።

የመጨረሻው ጨዋታ ሳምንት ደረሰ። ተጋጣሚዎቻችን ፓስ የሚባል የማያሳልፉ ነበሩ። መላ ፍለጋ የራሳችንን የጨዋታ ፊልም ሳይ ዋልኩና ደነገጥኩ። የኛ ኳርተርባክ፣ ኳሷን የሚወረውረው ልጅ፣ የሚቆመው እኮ ያንተ ሯጭ የሚቆምበት ቦታ ነው! አዲስ ፈጠርን ያልነው አሰላለፍ ያንተው ነው፤ እኛ የጨመርነው ቢኖር ሰዎቹን ወደ ዳር መበተን ብቻ ነው። ዋናውን ኮች ለምኜ ያንተን ሩጫ ከፓሳችን ውስጥ ከተትኩት። ካልሠራ ለከርሞ ሌላ ሥራ ፈልግ አለኝ።

አርብ ከሰዓት፣ በአራት ነጥብ ተበልጠን፣ አንዲት ደቂቃ ሲቀር ምልክቱን ሰጠሁ። ኳርተርባካችን ወደ ቀኝ ሊወረውር እጁን አነሳ፣ ተከላካዮቹ ተከትለው ጎረፉ፣ እሱ ኳሷን ይዞ በግራ ባዶ ሜዳ ላይ ብቻውን ሮጠ። አሸነፍን። እኔ ለጭፈራው አልቆየሁም፣ ይቅርታ ልልህ ወዳንተ ከነፍኩ።

ቤት ስገባ የእማዬ ወንድም ጋሼ ተድላ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ተቀምጠዋል። አባዬስ አልኩ። «ትንሽ አሞት ዶክተር ጋ ነው፣ ኦኬ ነው። መጀመሪያ እህል ቅመስ። ጌሙስ እንዴት ሆነ?» አሉኝ። አመንኳቸው። እየጎረስኩ ስለ ደብተርህ፣ ስለ ሩጫህ፣ እንዴት እንደ ተሳሳትኩ አወራሁላቸው። ይቅርታ እንደምጠይቅህም ነገርኳቸው። እማዬ በነጠላዋ አፏን ይዛ ትሰማኛለች። ጋሼ ተድላ እጄን አስታጠቡኝና ሦስቱም ተነሥተው ቆሙ። ሲቆሙ ገባኝ።

ልብህ ነው አሉ። ሆስፒታል ሁለት ቀን ተኝተህ አርብ ጠዋት አርፈሃል። ጨዋታው እስኪያልቅ አይነገረው ያልከውም ራስህ ነህ። እነሱ ወጉን ነው ያደረሱት፣ በባዶ ሆድ መርዶ አይነገርም። ቢሆንም ተቆጣሁ አባዬ፣ ዛሬም አልበረደልኝም። አንተ ልትሰማው የሚገባውን እነሱ ሰሙት።

ዘንድሮ ሌሎች ቡድኖችም ያን ሩጫ እየቀዱ ነው። አዲስ ዘዴ ይሉታል፣ ጎበዝ እያሉም ትከሻዬን ይመቱኛል። በልምምዱ የመጀመሪያ ቀን ለልጆቹ የማን እንደሆነ ነገርኳቸው። ሜዳ ላይ እስካለሁ ድረስ በየዓመቱ እነግራቸዋለሁ።

ነገ ዘመድ ጎረቤቱ ሲሰበሰብ ደግሞ ተነሥቼ፣ አባቴ ልክ ነበር፣ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ እላለሁ። በሕይወቴ ሙሉ አልረሳህም። መልስህን ግን አልሰማም።

ልጅህ ዮናስ